በካባው ማፍሰሻ ላይ የተጻፈው ስምህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ነፍስህን በገነት ያኑራት። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እኛ ግን ሰሞኑን ደኅና አይደለንም፤ ፈርተናል። በተለይ እኔ። በሕይወት ሳለህ ፈሪዋ ልጄ እያልክ ትስቅብኝ ነበር፤ ምናለ አሁንም መጥተህ በሳቅክብኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ያው ከድንጋይ ካባው ሥር ባለው ቤታችን ናት። ገላን ኮንዶሚኒየም ከእኔ ጋር እንድትኖር ስንት ጊዜ ለመንኳት፤ ደረጃው ጉልበቴን ይጨርሰዋል ብላ እምቢ አለች። ዶሮዎቿን አብዝታለች። ካፖርትህ አሁንም ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ አውርጂው ያላትን ሰው ትቀየማለች።

እኔም እዚያው ክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ሥራዬ ላይ ነኝ። ዘንድሮ የተዘጉ ካባዎችን እየዞርኩ የማየው እኔ ነኝ፤ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ በአፈር ተሞልቷል ወይ፣ የተተከለው ዛፍ ጸድቋል ወይ፣ ውኃው መሄጃ አለው ወይ እያልኩ። ባለፈው ሳምንት ተራው የእኛ ካባ ሆነ፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ድንጋይ የፈለጥክበት፣ ከተዘጋም በኋላ በዘበኝነት የጠበቅኸው።

ላዩ ያምራል አባዬ። ግራቪሊያው ከሰው ቁመት በልጧል፣ ሣሩም አፈሩን ጥሩ አድርጎ ይዞታል። ደስ እያለኝ ወደ ታች ወረድኩ። ውኃው የሚጠራቀምበት ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። በውኃውና በእማዬ ቤት መካከል ያለው ያ የአፈር ግድብና አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው።

ያ ውኃ የሠፈሩ ጥምቀተ ባሕር እንዲሆን የተስማማችሁት አንተና የእድሩ ዳኛ ጋሽ ግርማ ነበራችሁ። ክረምቱ ሲወጣ ከግድቡ ጎን ያለውን ማፍሰሻ አፈር በሞላ ጆንያ ትደፍነዋለህ፤ ውኃው እስከ ጥር ይቆያል። ግንቦት ላይ ደግሞ ጆንያዎቹን አንሥተህ ትከፍተዋለህ። አንድ ጊዜ ጆንያው ተቀዶ ጭቃው ውስጥ ዘጭ ስትል፣ እማዬ በዚህ ልብስህ ቤቴን አትረግጥም ብላ ግቢ ውስጥ በባልዲ ውኃ እንዳጠበችህ ትዝ ይልሃል? እኔ በሳቅ ልሞት ነበር። መክፈቱን ግን ለማንም ትተህ አታውቅም፤ ማንም ደግሞ ሥራ ነው ብሎ ልብ አላለውም።

ከሄድክ በኋላ መድፈኑን ሁሉም አስታወሰ፤ መክፈቱን ማንም አላስታወሰም። ያለፈው ክረምት ዝናቡ ስስ ስለነበር ሳይታወቅ አለፈ። ከጥምቀት በፊት ደግሞ ጋሽ ግርማ ሰዉን አስተባብረው፣ ጆንያ ለእሱ መታሰቢያ አይመጥንም ብለው፣ ማፍሰሻውን በድንጋይና በሲሚንቶ ግጥም አድርገው ገነቡት። ሲሚንቶው ሳይደርቅም የክርስትና ስምህን ጻፉበት፤ የኃይለ ሚካኤል መታሰቢያ ብለው። እማዬ ለአባትሽ መታሰቢያ ሠሩለት ብላ በስልክ ስትነግረኝ የድንጋይ መቀመጫ መስሎኝ ስንቴ መረቅኋቸው። ወደውህ ነው የደፈኑት፤ ማንን ልቆጣ?

ከግድቡ ግርጌ ውኃ ይመነጫል። ጥርት ያለ ቢሆን ብዙም ባላስፈራኝ፤ ግን ደፍርሶ ነው የሚወጣው። ደፈረሰ ማለት ውኃው አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው። በመዳፌ ይዤ አየሁት፤ ውኃው ሲፈስ ጭቃው መዳፌ ላይ ቀረ። አለቃዬ ጋ ብደውል ማሽን እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል አለኝ፤ ሰማዩ ደግሞ በየረር ተራራ በኩል ጠቁሯል። ሮጬ ወርጄ እማዬን ከቤት ውጪልኝ ብላት፣ ባሌ ከጠበቀው ነገር ምን ክፉ ይመጣብኛል ብላ ለዶሮዎቿ ጥሬ መበተኗን ቀጠለች።

ጋሽ ግርማ ጋ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ የአባትሽን ስም በዲጅኖ እንምታው ነው የምትዪኝ ልጄ? አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

በአንዴ ማፍረስ አይቻልም፤ ውኃው በአንዴ ከተለቀቀ ከሥር ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። ከላይ ጀምሮ አንድ ድንጋይ ማንሣት፣ ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ፣ ከዚያ ሌላውን ማንሣት ነው። ስምህ ደግሞ የተጻፈው ከላይኛው ረድፍ ላይ ነበር። የራስህን ዲጅኖ ከጓሮ አመጣን። ጋሽ ግርማ ያዙትና ማንሣት አቃታቸው፤ ዕንባቸው መጣ። ተቀብያቸው እኔ መታሁት። ስምህ ለሁለት ተሰንጥቆ ወደቀ፣ ውኃውም በላዩ ላይ ፈሰሰ። ሌሎቹን ድንጋዮች ጎረቤቶች እየተፈራረቁ አነሡ።

ይህን የምጽፍልህ በእማዬ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። የማፍሰሻው ቦይ እየጮኸ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ውኃው ጎድሏል፤ ከግርጌ የሚመነጨው ግን ገና አልጠራም። በየሰዓቱ እየሄድኩ በብርጭቆ ቀድቼ አየዋለሁ፤ ዛሬም ደፍርሷል። እማዬ ማፍሰሻው ሲፈርስ በዓይኗ ካየች ወዲህ አትከራከረኝም፤ ዝናብ ከጀመረ እንሄዳለን ብላ ዶሮዎቿን በቅርጫት ከታለች። ካፖርትህንም ከበሩ ኋላ አውርዳ ለብሳዋለች። እሱን ለብሳ ሳያት ይበልጥ ፈራሁ።

አባዬ፣ ሁልጊዜ ደፋር ትመስለኝ ነበር። ግንቦት ላይ ትንሽ ደመና ባየህ ቁጥር ምሳህን ትተህ ወደ ካባው የምትሮጠው ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። አንተም ትፈራ ነበር። ከሥር የምንተኛው እኛ ስለሆንን ነበር የምትፈራው።

ይህን ክረምት በሰላም ካወጣንና ግድቡ ከተጠገነ፣ ለጥምቀት ማፍሰሻው በጆንያ ብቻ ይደፈናል፤ ጋሽ ግርማ ቃል ገብተውልኛል። ግንቦት ሲገባ ጆንያዎቹን የማነሣው እኔ ነኝ። ስምህን ድንጋይ ላይ አላስጽፍም። በየዓመቱ ጭቃ ውስጥ ገብቼ እከፍተዋለሁ፤ የማስታውስህ እንደዚያ ነው።

በየረር በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። እማዬ ቅርጫቷን አንሥታ በሩ ላይ ቆማለች። ልሂድ አባዬ።

ፈሪዋ ልጅህ