አባትሽ ሀይዌይ መሀል የቆሙ ቀን

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

የሲያትል ዝናብ እንዴት ይዞሻል? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ለጤናዬ ተመስገን ነው፤ ልቤ ግን ከጥምቀት ማግስት ወዲህ አልተረጋጋም። ታስታውሺኝ እንደሆነ እንጃ። አንቺ ከዴንቨር ስትወጪ አባትሽ ፒያኖ ከሚያስተምሯቸው ልጆች ትንሿ እኔ ነበርኩ። አሁን እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ እንግልውድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ዕረፍት ሲኖረኝ ግን ዛሬም አውሮራ ያለው እሳቸው ቤት ነኝ።

ይህን እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነበር። መሐላዬን ያስፈረሰኝ ፍርሃት ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ፋይቭ ፖይንትስ ሰፈር፣ ጃዝ ክለብ ፒያኖ ሊጫወቱ እየሄድን ነበር። የሚነዱት እሳቸው ናቸው፤ አባትሽን መሪ የሚያስለቅቅ ማን አለ! በረዶው ጀምሯል። የወጣትነታቸውን እያወሩኝ ነበር፤ ቀን ታክሲ እየነዱ፣ ማታ ማታ ቢቦፕ የሚሉትን ያን የሚከንፍ ጃዝ ከአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ጎን ቁጭ ብለው እንዴት እንደተማሩ። ሽማግሌው በነጻ ስላስተማሯቸው እሳቸውም እኛን በነጻ አስተማሩን። ከእኛ ከተማሪዎቻቸው ናቲ ዛሬ ኒው ዮርክ ይጫወታል፤ ሂዳያ ራሷ አስተማሪ ሆናለች።

ወሬያቸው ድንገት ተቋረጠ። ቀና ስል ሀይዌዩ መሀል ቆመናል። ትራኮች ጥሩንባቸውን እያስጮኹ በግራ በቀኛችን ይሾልካሉ፤ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። «ጋሼ፣ ይንዱ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ዘወር ብለው አዩኝ። እንደዚያ የፈራ የሽማግሌ ፊት አይቼ አላውቅም።

«ቤታችን በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

የአደጋ መብራቱን አበራሁ። እጄን ሰድጄ መሪውን ያዝኩና «ቀስ ብለው ነዳጅ ይስጡ፣ በቃ፣ አሁን ፍሬን» እያልኩ ዳር አወጣናት። ያን ጊዜ ነው ለቅሶዬ የመጣው። እሳቸው እጄን ያዙና በአንቺ ስም ጠሩኝ።

«የእናትሽ ቀብር ቀን፣ አንቺ እንዳሰብሽው ክለብ አልሄድኩም» አሉኝ። «የመቃብሩ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ ነበርኩ። መውረድ ፈራሁ። አንቺ እያለቀስሽ ስትወጪ አየሁሽ፤ ያኔም አልወረድኩም። ይቅር በይኝ።»

እህቴ፣ ይቅርታው የእኔ አይደለም። የጃኬታቸውን ዚፕ ዘጋሁላቸው።

አሁን ሐኪም እየተከታተላቸው ነው። የመኪናቸውን ቁልፍ ደብቄዋለሁ። የሚገርምሽ፣ ፒያኖው ላይ ሲቀመጡ አንዲት ነገር አይረሱም፤ ከወንበሩ ሲነሱ ነው መኝታ ቤታቸው የሚጠፋቸው። ምድጃ ለኩሰው ቢረሱስ? በረዶው ላይ ወጥተው ቢቀሩስ? ሥራ ላይ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ አነሳዋለሁ።

ነይ። ልትቆጫቸውም ቢሆን ነይ፤ ማን እንደሆንሽ ሳይጠፋቸው። «ይቅር አልሽኝ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ «እሷ እኮ አይደለሁም» እላቸው ነበር፤ ሲደነግጡ ጊዜ ተውኩት። በስምሽ ሲጠሩኝ «አቤት» እላለሁ። ትናንት ግን ወጥ ቤት ሆኜ ሲጠሩኝ፣ ሳላስበው «አቤት አባዬ» ብዬ ሮጥኩ። ከሀይዌዩ ይበልጥ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ፈጣሪ ልጆችሽን በደስታ ያሳድግልሽ። መንገድሽን በረዶ አይዝጋው፤ ከአባትሽ ጋር በጊዜ ያገናኝሽ።

የአባትሽ ተማሪ፣ ታናሽሽ