ቆሞ የሄደው አኮርዲዮን

ልጄ፣ ክፉ አይይህ፤ ጣቶችህ ይባረኩ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ናት።

ለሙዚቃ ፈተናህ የአባትህን አኮርዲዮን ልከንልሃል። ወናፉ እንዳይከፈት ማሰሪያዎቹን ቆልፋ፣ ሣጥኑን ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከታ፣ ዙሪያውን በብርድ ልብስ የጠቀጠቀችው እሷ ናት። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ሊያጋድመው ሲል፣ ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ ድምጿ የማይሰማው እህትህ ጮክ ብላ፣ "ጋሼ፣ ቆሞ ነው የሚሄደው! ከተጋደመ ውስጡ ያሉት የአየር መክደኛ ቆዳዎች ይጣመማሉ" አለችው።

"ታዲያ ወንበር ልፈልግለት?" ብሎ ቀለደባት። እስኪያቆመው ንቅንቅ አላለችም። በኩራት የምገባበት ጠፋኝ! አሁን "ይሄንንማ አልጽፍም" ብላ አቀርቅራ ነበር፤ "ጻፊ!" አልኳት።

በደህና ከደረሰልህ፣ መጀመሪያ የምትጫወተውን በስልክ ለእሷ አሰማት፤ አደራ። ፈተናው ይቅናህ።

እናትህ