በሁዳዴ የተመረመረ መክተፊያ

ለተከበሩ ዶክተር ሙሉሰው
የምግብ ወለድ ባክቴሪያዎች የዘረመል ጥናት ፕሮጀክት ዋና አስተባባሪ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይ ሆድዎ እንዴት ሰንብቷል? ሌላው ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ስለ ልጆችና ስለ ከብት ደኅንነት ይጠይቃል። በእኛ ሰፈር ግን ከፋሲካ ወዲህ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ሆዱ ስለ ሆነ፣ ከአዲሱ ልማዳችን እንዳላጎድልብዎ ብዬ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጥቂቶቻችን በቀር ቆመን እንሄዳለን።

ስሜ እናትነሽ እንዳለው ይባላል፤ ሰቆጣ ውስጥ ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። እርስዎ ባያውቁኝም ባልደረቦችዎ «ጥያቄ የምታበዛዋ ሴትዮ» እንደሚሉኝ ሰምቻለሁና በዚያው ይወቁኝ። መጠርጠር ከሙያዬ የተረፈኝ አመል ነው። ክፍሉ በሙሉ መቶ ከመቶ ያመጣ ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ መጀመሪያ የምጠይቀው የፈተናው ወረቀት የት እንዳደረ ነበር። ያሳደጉኝ ሰዎች ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያሉ ነው ያሳደጉኝ፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ቅር የሚሰኙበት ነገር ቢኖር ወቀሳውን ለእነርሱ ያድርሱልኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለ ሆነና ነገሩን የማያውቅም ስለሚያነበው፣ ከሥሩ ላስረዳ። የእርስዎ ፕሮጀክት ከእንስሳት ወደ ሰው በምግብ የሚተላለፉ ባክቴሪያዎችን ያጠናል። ናሙና ይወስዳል፣ የባክቴሪያዋን ዘረመል በመሣሪያ ያነባል፣ ከየት እንደ መጣችና የትኛውን መድኃኒት መቋቋም እንደ ተማረች ይለያል። እጅግ የተከበረ ሥራ ነው፤ በትምህርት ቤት ብኖር ለተማሪዎቼ አስተምረው ነበር። ይኸው ፕሮጀክት በፋሲካ ዋዜማ በገብረ አምላክ ልኳንዳ በር ላይ ባለ ማኅተም ማስታወቂያ ለጠፈ። ማስታወቂያው በሰፈራችን ከልኳንዳዎችና ከፍየሎች በተወሰደው ናሙና ጎጂ ባክቴሪያ እንዳልተገኘ ይገልጻል፤ ከግርጌው የምትስቅ ፍየል ሥዕል አለበት። መቶ ከመቶ አመጣን ማለት ነው። በዚህ የተነሣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ሆኗል።

፩. ስለ ጊዜው አመራረጥ አመሰግናለሁ። ባልደረቦችዎ ሥጋ ቤት ሊመረምሩ የመጡት በሁዳዴ እኩሌታ ነው። ክቡርነትዎ ምናልባት በሥራ ብዛት ዘንግተውት ካልሆነ በቀር፣ በሁዳዴ ሰቆጣ ላይ ሥጋ የሚሸጥ ልኳንዳ የለም። ገብረ አምላክ በቅበላ ቀን የመጨረሻዋን ብልት ከሸጠ በኋላ መክተፊያ ግንዱን በፈላ ውኃና በሎሚ አጥቦ፣ ጨው ነስንሶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፤ ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ይሰቅላል። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ባልደረቦችዎ ሲመጡ ያገኙት ለሳምንታት ሥጋ ያልነካው ግንድ ነው። እኔ ደግሞ መጠርጠር የጀመርኩት ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም የዚያን ዕለት ምሳቸውን ሲበሉ አይቻቸዋለሁ፤ ሽሮ ነበር ያዘዙት። ለሆዳቸው ጾም መሆኑን ያወቁ ሰዎች ናሙና ለሚወስዱበት ጥጥ እንዴት ጠፋባቸው? ወይስ ንጹሕ ውጤት የፈለገ ሰው ንጹሕ ወቅት መርጦ ነው የላካቸው?

፪. ስለ አክብሮታችሁ አመሰግናለሁ። እንግዳ የሚመጣ መሆኑን አስቀድማችሁ በማስነገራችሁ ገብረ አምላክ ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ አገኘ። ፀሐይ ላይ የቆመውን ግንድ አንሥቶ እንደገና አጠበው፤ የዚህን ጊዜ ደግሞ በበረኪና። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው፣ «እትዬ እናትነሽ፣ የተማረ ሰው ቤቴ ሲመጣ አቧራ የለበሰ ግንድ ላሳየው? ምን ይለኛል?» ነው ያለኝ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ይኸ ነው፤ በእናንተ መሣሪያ አይነበብ ይሆናል እንጂ በአገራችን ከባክቴሪያ ይበልጥ የተስፋፋ ነው። ባልደረባዎ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ሲያሳርፍበት ግንዱ ገና በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። በአፍንጫው ያላወቀ እንደሆነ ጉንፋን ይዞት ነበር ብዬ በጎ በጎውን አስባለሁ።

፫. ስለ ፍየሎቹ ደግሞ የማመሰግነው በወይዘሮ ይታየሽ ስም ነው። ይታየሽ ከከተማው ወጣ ብሎ ፍየል የምታረባ ጎረቤቴ ናት፤ አፏን የፈታችው በአካባቢያችን የአገው ቋንቋ በኽምጣና ነው፣ አማርኛን ለገበያ ያህል ትችላለች። ባልደረቦችዎ የጥናቱን ዓላማ ያስረዷት በአማርኛ ሆኖ ግማሹ የፈረንጅ ቃል ስለ ነበረ፣ ከሁሉ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪሞች የፍየሎቿን ኋላ ሊያዩ ነው። አፈረች። በማግስቱ ጠዋት ከሴቶች ልጆቿ ጋር ሆና የፍየሎቹን ጭራ ሥር በሳሙና አጥባ አቆየችላችሁ። ከዚያ ደግሞ ለትብብሯ ምስጋና ይሆን ዘንድ የታመመውንም ያልታመመውንም ፍየል ሁሉ የባክቴሪያ ማጥፊያ መርፌ ወጋችሁላት፤ የተረፈውንም ብልቃጥ ስጦታ ብላችሁ ተዋችሁላት። ባክቴሪያ መድኃኒት የሚለምደው ያለ በሽታ ሲረጭበት ነው ብዬ ለሰባተኛ ክፍል ሳስተምር ኖሬያለሁ። ወይ ትምህርቱ ተለውጧል፣ ወይ እናንተ ለሁለተኛው ጥናት የምታጠኑትን እያረባችሁ ነው። የትኛው እንደ ሆነ ቢነግሩኝ ቢያንስ ለቀድሞ ተማሪዎቼ እርማት እሰጣለሁ።

፬. አሁን ቀልዱን ልተወው እችል እንደ ሆነ ልሞክር። ፍቅርአዲስ የሟች ታናሽ እኅቴ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ለፋሲካ ገባች። በስልክ ናፈቀኝ ናፈቀኝ ስትል የምትናፍቀው እኔን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የገብረ አምላክን ጥሬ ሥጋ ኖሯል። በእኔ ቤት ጥሬ ሥጋ አይበላም፣ ይህን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በፋሲካ ማግስት ከጓደኞቿ ጋር ልትወጣ ስትል ልከለክላት አፌን ስከፍት፣ በስልኳ ያነሣችውን የእናንተን ማስታወቂያ አሳየችኝና፣ «አክስቴ፣ የተመረመረ ነገር እመኑ እያልሽ ያሳደግሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለችኝ። ስንት ዓመት ጥያቄ ስመልስ የኖርኩ ሴት በገዛ ትምህርቴ ተረታሁና ሄዳ በላች።

በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው ታመመ። አብዛኛው ዳነ፣ ፍቅርአዲስ ግን አልዳነችም። ትኩሳቱ ለቀቃት ስንል ይመለሳል፤ መድኃኒት ሲጀመርላት ትንሽ ቀና ትልና ደግሞ ትወድቃለች፤ ያን ለውጠው ሌላ ሲሰጧትም ያው ነው። ዓረብ አገር ስትሠራበት የኖረችው ክንዷ አሁን የውኃ ኩባያ አያነሣም። ሐኪሞቿ ባላቸው ሁሉ እየደከሙላት ነው፣ አንዱም አልዋሸኝም። ባክቴሪያዋ መድኃኒት የለመደች ሳትሆን እንደማትቀር፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚበግራት በርግጥ የሚያውቁት ግን ናሙናዋን የወሰዱት ሰዎች እንደ ሆኑ ነግረውኛል። ናሙናዋን የወሰዳችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

፭. አዎን፣ ወስዳችኋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰው መታመሙ እንደ ተሰማ ነጭ መኪናችሁ ከተፍ አለች። የዚህን ጊዜ ምንም አልታጠበላችሁም፤ ሥጋ ሲከተፍበት ከዋለው ግንድ ወሰዳችሁ፣ ከይታየሽ ፍየሎች ወሰዳችሁ፣ ፍቅርአዲስም በትኩሳት እየነደደች ፈረመችላችሁ። ስትሄዱ በሩ ላይ የነበረውን ማስታወቂያ ነቅላችሁ ወሰዳችሁት፣ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ውጤቱን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ ጥናቱ ታትሞ ሳይወጣ ውጤት አይገለጽም። ለሕዝቡ ግን በሬዲዮ አንድ ነገር ገልጻችኋል፤ የሕመሙ ምክንያት የማኅበረሰቡ የንጽሕና ጉድለት ነው ብላችኋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ክቡር ዶክተር፣ በረኪና የጨረስነው እኮ ለእናንተ ብለን ነው።

ይህንንም ችዬ እቀመጥ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት በራስዎ የፌስቡክ ገጽ ላይ ያወጡትን ፎቶ ባላይ ኖሮ። እንኳን ደስ አለዎ፤ ከረባቱ ያምርብዎታል። በውጭ አገር አዳራሽ ቆመው በትልቅ ሰሌዳ ላይ የባክቴሪያዋን የዘር ሐረግ ሲያስረዱ ይታያሉ። ከሐረጉ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሰቆጣ ተብሎ ተጽፏል፤ አጠገቡ የፍየል ሥዕል፣ ከፍየሏ አጠገብ የሰው ሥዕል አለ። ከጎኑ ደግሞ የመድኃኒቶች ስም ተደርድሮ አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀዩ የለመደችው፣ አረንጓዴው የሚበግራት መሆኑ ነው። ፎቶው ከሩቅ የተነሣ ስለ ሆነ ስሞቹ አይነበቡም። ስልኩ እስኪግል ድረስ ፎቶውን ባጎላውም፣ የማጉያ መነጽሬን ባመጣም አልተነበበልኝም። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ሳይ ግን ልቤ ደነገጠ፤ ያቺ ነጥብ የልጄ መድኃኒት ትሆን?

በአገራችን ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ የማንን ልጅ ለማን እንደምንሰጥ እንድናውቅ። እናንተ የዚያችን ባክቴሪያ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ጨርሳችኋል፤ አያቷን፣ አክስቷን፣ ከየትኛዋ ፍየል ተነሥታ ወደ ማን ሆድ እንደ ገባች አውቃችኋል፤ እኛ የታማሚዋ ዘመዶች ግን ታትሞ እስኪወጣ እንድንጠብቅ ተደርገናል። ለአዳራሹ ሰው የተገለጸው ምስጢር ለታማሚዋ ሐኪም ሲሆን የሚደበቅበትን ምክንያት ሳስብ፣ አመሌ ሆኖ አንድ ክፉ ጥርጣሬ ይመጣብኛል። ሁለተኛው ውጤት ሲገለጽ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ምን እንደ ነበረ ስለሚጋለጥ ይሆን? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም። ጥርጣሬዬ ሐሰት ከሆነ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ አላፍርም፤ ደስ ይለኛልም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ የተቀባውን መድኃኒት ስም ለፍቅርአዲስ ሐኪሞች ይንገሩልኝ። በስልክ ቢሉት ከደቂቃ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ጥናቱን በወደዱት መጽሔት ያትሙ፣ ማስታወቂያው አልነበረም ይበሉ፣ እኛንም ቆሻሾች ይበሉን፤ ምስማሩን ራሴ ነቅዬ እጥለዋለሁ። ፈርቻለሁ ዶክተር። ስቀልድ የሰነበትኩት ስለ ፈራሁ ነው። እናቷ ስትሞት አደራ ያለችኝ ልጅ ናት፤ ከዓረብ አገር ያህል ሥፍራ በሰላም የተመለሰች ልጅ በፋሲካ ማግስት በአገሯ ምግብ እንዳትሄድብኝ ፈርቻለሁ።

ግንዳችን እንደ ተፋቀ፣ ፍየሎቻችን እንደ ታጠቡ፣ ልጃችን እንደ ተኛች፣ ለሳይንስ ያለን ክብር ግን እንዳልተነካ እየገለጽኩ፣ በሄዱበት አዳራሽ ሁሉ ጭብጨባ እንዳይለይዎ፣ በሚበሉበት ገበታ ሁሉ ደግሞ ያልታጠበ እጅ እንዳይደርስብዎ እመኛለሁ።

እናትነሽ እንዳለው
የቀድሞ የሳይንስ መምህርት
ሰቆጣ፣ ግንቦት

ማሳሰቢያ፦ ቀጣዩ ዙር የናሙና መሰብሰብ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ እንደሚካሄድ ያስለጠፉትን አነበብኩ። ፍልሰታ ነው፤ ልኳንዳዎቹ ይዘጋሉ። ገብረ አምላክ እንደ ሰማ በረኪና ገዝቶ አስቀምጧል፤ ይታየሽም ሳሙና ይዛለች፤ ስለዚህ ከእኛ በኩል የሚጎድልብዎ ነገር የለም። ፍቅርአዲስ እስከዚያ ከዳነች ከበሩ ቆማ ትቀበልዎታለች። ካልዳነች ግን፣ ሟርት አይሁንብኝና፣ በአገራችን ሬሳም ታጥቦ ነው የሚሸኝ፤ እርሷንም ከጎጂ ባክቴሪያ ነፃ ብለው ሊመዘግቡልን ይችላሉ።