የሕመም አስታጋሹ የጋሽ አይዞህ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ አይዞህ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህ ስም የወጣላቸው በሥራ ቦታቸው ሲሆን፣ “አይዞህ፣ አይዞሽ” ሳይሉ ማንንም መርፌ ስለማይወጉ ነው። በልጅነታቸው ግን ክትባት መጣ ሲባል ከአባታቸው የጣውላ ክምር ጀርባ ይደበቁ እንደነበር ታናናሾቻቸው እስከ ዛሬ ያነሡባቸዋል።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ጨርሰው በነርስነት ተመረቁ። ቀጥለውም የሰመመን ሕክምና ተምረው ከ1974 ዓ.ም. እስከ ጡረታቸው በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል አገለገሉ። እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ሕመሙን የሚያደርሰውን ነርቭ ፈልገው፣ ዙሪያውን ማደንዘዣ ይወጉለት ነበር። እየጮኸ የገባው ሰው ጥቂት ቆይቶ ስለ ቤቱ ወሬ ይጀምራል። በ1978 ዓ.ም. በዚያው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ነርስ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ለጋብቻ ሲጠይቋቸው ድምፃቸው ቢንቀጠቀጥ “አይዞህ” ያሏቸው ባለቤታቸው ነበሩ ይባላል።

በ1991 ዓ.ም. ቅልጥሙ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት አንድ ወጣት ግንበኛ ሕመሙ እንዳይነሣበት እግሩን አደነዘዙለት። ወጣቱ ተኛ፤ እናቱም እጃቸውን ስመው መረቋቸው። እግሩ ግን ከፋሻው ሥር ውስጥ ለውስጥ እያበጠ ደም መተላለፊያ አጥቶ ነበር። “ድረሱልኝ” የሚያሰኘው ሕመም ስለደነዘዘ ማንም አላወቀም። ሲታወቅ ረፍዶ ነበርና እግሩ ተቆረጠ። አለቆቻቸው የክትትል ጉድለቱ የሁላችንም ነው አሉ። እሳቸው ግን ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ አላወረዱም።

ሰው ሲሰቃይ እያዩ ዝም ማለትም በደል ነው ብለው መርፌውን አልተዉም። ነገር ግን የወጉትን ሰው ጣቱን እየነኩ፣ እብጠቱን እያዩ አጠገቡ ይቀመጣሉ እንጂ ወደ ቤት አይሉም። ተማሪዎቻቸውንም “ሕመም ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን ካስተኛችሁት በሩ ላይ እናንተ ቁሙ” ይሏቸው ነበር። ለልጆቻቸው ይህ ጊዜ ከባድ ነበር። አባታቸው ቤት ሲገቡም ሐሳባቸው አልጋ ላይ ከተዉት ሰው ጋር ነበር።

ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። እሳቸው ራሳቸው ያስተማሯቸው ባለሙያዎች ማደንዘዣውን ይዘው ሲመጡ “ለእኔ አይገባም፤ ልቻለው” ብለው እንቢ አሉ። አንሶላ ሲቀየርላቸው ጩኸታቸው ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ባለቤታቸው ለመኗቸው፤ አልሆነም። ትልቋ ልጃቸው የምትይዘው የምትጨብጠው ቢጠፋት ያንን ግንበኛ አፈላልጋ አመጣች። ዛሬ ጎልማሳ የሆኑት እኚህ ሰው በክራንች ተደግፈው ከአልጋው አጠገብ ቆሙና፣ “ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ ብል እዋሻለሁ። ግን እርስዎ ስለጮኹ የእኔ እግር አይበቅልም። መርፌዎን ይወጉ” አሏቸው። ጋሽ አይዞህ አለቀሱ፤ አልቅሰውም “እሺ” አሉ። በዚያን ቀን፣ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሆኖም የሳንባ ኢንፌክሽን ተጨምሮባቸው ባለፈው ማክሰኞ ጧት ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆችም ትተዋል።

እኚያ ግንበኛ ዛሬ በመካከላችን ተገኝተዋል። ማንም ቀርቦ “አሁንስ ይቅር ይበሏቸው” እንዳይላቸው ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል። ይቅርታውን ከፈጣሪ ብቻ እንጠይቃለን፤ የጋሽ አይዞህን ነፍስ ይማርልን።