ሦስቴ የጻፍሽው መልስ

ይድረስ ዓይንሽን ካየሁ ስምንት ዓመት ለሆነኝ ለታላቅ እህቴ፣ ለእህት ዓለም፤

እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው ያላስቀመጠኝ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? እማዬን ስታገላብጪ እንደተቀጨሽ አክስታችን በስልክ ነግራኛለች፤ አንቺማ መቼ ትናገሪያለሽ! እማዬስ እህል ትቀምሳለች? ግራ እጇ እንደተያዘ ነው ወይስ ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ጀምራለች? ስደውል «ሁሉ ሰላም ነው» ትይኛለሽ። ሰላሙንስ እግዜር ያብዛው፤ እኔን የናፈቀኝ ግን ዝርዝሩ ነው።

ዛሬ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ብዕር አነሣሁ።

ስሄድ ያሸከምሽኝ ኮምፒውተር ሞተ። ያው በጽሕፈት ቤቱ የሰው ማመልከቻ ስትተይቢበት የኖርሽው፣ የፊደሎቹ ቀለም በጣትሽ ተፍቆ ያለቀው። የዛሬ ወር ገደማ በዕረፍት ቀኔ ልከፍተው ብጫን ዝም አለ። ብነቅለው፣ ብሰካው፣ ባባብለው፣ ወይ ፍንክች! የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። የአባባ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እማዬ አንደበቷ ሳይያዝ በፊት የቀዳሁት ድምፅዋ አለ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። «ነገ እገለብጠዋለሁ» ስል ስምንት ዓመት አለፈ፤ ስንፍናዬን ታውቂው የለ!

የዋናው መንገድ ጠጋኝ ገና ሳይከፍተው «ይሄማ ያበቃለት ነው፣ አዲስ ግዛ» ብሎ መለሰኝ። አብራኝ አንሶላ የምትተኩሰው ሴትዮ ናት፣ ፊቴ መጥቆሩን አይታ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሰው ሁሉ «ሐኪሙ» የሚለው ሽማግሌ ጠጋኝ እንዳለ የነገረችኝ። ሱቁ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባባትም። መነጽሩን በአንድ ወገን በሽቦ አስሮታል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ መዳፍ የምታክለዋን ሃርድ ዲስክ አወጣ፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር አገናኛትና ጆሮውን ደገነባት። «የሞተው ገላው ነው፤ የተጻፈው ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ትዞራለች፣ ግን ትንቋቋለች። አራት ቀን ስጠኝ። ተስፋ አትቁረጥ፣ ብዙም አትመን» አለኝ።

እነዚያን አራት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። አንሶላ እየተኮስኩ የእማዬን ድምፅ በልቤ ልጠራው እሞክራለሁ። ቃሉ ይመጣል፤ «አንተ ልጅ፣ እግርህን ሳትጠርግ!» የሚለው ይመጣል። ድምፁ ግን አይመጣም፤ በገዛ ድምፄ ነው የሚሰማኝ። ምን ያህል እንደራቅሁ ያኔ አወቅሁት።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩ። ሐኪሙ ወንበር ሳበልኝና አንድ ቁልፍ ተጫነ። እማዬ ሳቀች። እህት ዓለም፣ ያ ሳቋ! «ይሄን ነገር አጥፋው፣ እኔ ዘፋኝ ነኝ እንዴ?» አለች፤ ከኋላ ደግሞ ያንቺ ሳቅ ይሰማል። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሽማግሌውም መነጽሩን የሚጠርግ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከአባባ ፎቶዎች የጠፉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁሉንም በሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ሲያስረክበኝ ግን «ይሄ ሥራ የተሰረዘውንም ቆፍሮ ያወጣል፤ ያላስቀመጥከውን ነገር ካገኘህ አስበህ ክፈት» አለኝ። እኔ ሳላስብ ከፈትኩ።

ስም የሌላቸው ብዙ ጽሑፎች ነበሩ። የደንበኞችሽን ማመልከቻ አለፍኩት፤ የሰው ጉዳይ ነው። አንዱ ግን ከግርጌው ያንቺ ስም ነበረበት። ለአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የጻፍሽው መልስ ነው። ለካ ተቀብለውሽ ነበር! ሦስት ጊዜ ጽፈሽዋል። የመጀመሪያው ሙሉ ገጽ ነው፤ እናታችን እንደታመመች፣ ሙያውን ከልጅነትሽ ጀምሮ እንደተመኘሽው ነግረሽ አንድ ዓመት እንዲጠብቁሽ ትለምኛቸዋለሽ። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ነው። ሦስተኛው ሁለት መስመር፤ «በግል ምክንያት መምጣት አልችልም። ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡልኝ።» ቀኑን አየሁት፤ የእኔ የጉዞ ወረቀት በመጣ በሦስተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ደግሞ «ወንድሜ ይህን ካወቀ አይሄድም፤ ስለዚህ አልነገርኩትም» የሚል አለበት።

ያ ሳምንት ትዝ ይለኛል። ልብሴን እያጠፍሽ «እኔ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም፤ መንገድ ያጥወለውለኛል፤ አንተ ሂድ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አመንኩሽ። ማመኑ ተመችቶኝ ነበር መሰለኝ። ሰው ሲጠይቀኝ «እህቴ ቤቷን ትወዳለች» እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ ኖርኩ። ሳላስፈቅድሽ አንብቤያለሁና ይቅር በይኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፤ ለምን ደበቀችኝ ብዬ። አንቺ ሳታውቂው ሁለት ቀን አኩርፌሽ ሰነበትኩ። ከዚያ አፈርኩ። ሰኞ ጠዋት አለቃችን ዘንድ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅሁ። «ሰው ሞቶብህ ነው?» አሉኝ። «የለም፣ ተራዬ ደርሶ ነው» አልኳቸው። ግራ ገባቸው። «ከሦስት ወር ካለፍክ ቦታህን አልጠብቅልህም» አሉኝ። «አይጠብቁልኝ» ብዬ ወጣሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ምኞትሽ እስካሁን ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ምኞትም እንደ ሰው ያረጃል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ ብዬ አልጫንሽም። ከፈለግሽ ሄደሽ ተመዝገቢ፤ ከፈለግሽ ደግሞ ወር ሙሉ ተኝተሽ ክረሚ። እማዬን ግን ከእንግዲህ የማገላብጣት እኔ ነኝ። እንዴት እንደምትነሣ፣ በየትኛው ጎኗ እንቅልፍ እንደሚወስዳት አሳዪኝ። አንሶላ ሳይጨማደድ ማንጠፍማ ካንቺ በላይ እችላለሁ፤ በዚህ እንኳ አትከራከሪኝ።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ እየመጣ ነው ብለሽ በቀስታ ንገሪያት፣ እንዳትደነግጥ። አክስታችንን ስለ ወገብሽ ስለነገረችኝ አትቆጪያት፤ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። የጽሕፈት ቤቱን ባለቤትና ግድግዳችንን የሚጋሩትን ጎረቤታችንን ጋሼ ሬዲዮንም ሰላም በይልኝ፤ ዜናውን ዛሬም ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማሉ አይደል?

አንቺን በምን ልሰናበትሽ? መልስ አትጻፊልኝ። ደብዳቤሽ እዚህ ሳይደርስ እኔ እዚያ እደርሳለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን