ታቦት የሌለበት ከተራ

ደብረ ታቦር፣ ጥር ፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ነገ ከተራ ነው፤ ታቦታችን ግን በመንበሩ የለም። ጣሊያን የጎረቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ሲያቃጥል፣ ከገና ማግስት ካህናቱ ድርቡን ታቦት እንኳ ሳያስቀሩ ተሸክመው፣ እኔ መንገድ መርቼ፣ በታንኳ ወደ ጣና ደሴት አሻግረነዋል። አባቶቻችንም በክፉ ቀን ታቦቱን ለደሴቱ መነኮሳት አደራ ይሰጡ ነበር። ሕዝቡ አያውቅም።

ዛሬ ቄሰ ገበዙ መጡ።

«ነገ ሳንቃ በመጎናጸፊያ ጠቅልዬ ተሸክሜ እወርዳለሁ» አሉኝ።

«ሕዝቡን ለሳንቃ ሊያሰግዱ?»

«ምን ላድርግ፣ አያ ተሰማ? ታቦቱ ካልወጣ ባንዳዎቹ የት ገባ ብለው ይይዙናል። ከእኛ አንዱ ተገርፎ ቢናገር ደሴቱ ከነመነኮሳቱ ይቃጠላል።»

«ቢሆንም አይደረግም!»

«አንቱማ ፊደሉንም ከሰው ሳይቀላቀሉ ብቻዎን ነው የተማሩት፤ የሰው ነገር መቼ ይገባዎታል!» ብለው ተቆጥተው ወጡ።

ነገሩ ስድብ ቢሆንም አልከፋኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። ሕዝቡ ለእንጨት ሲሰግድ ቆሜ ማየት አልችልም፤ የመነኮሳቱንም ደም መሸከም አልችልም።

ወደ ጓዳ ስገባ ባለቤቴ የሰፋችውን ጃንጥላ ዘርግታ ዘርፉን ታስተካክላለች። ጉና ዱር የገባው ልጃችን በሕይወት እንዲመለስ ለታቦቱ የተሳለችው ነው።

«ነገ ታቦቱ በዚህ ሥር ነው የሚወርደው» አለችኝ፤ ፊቷ በርቷል።

«አዎ» አልኳት።