ጥሩምባ የተከተሉት አቶ ኦታቪዮ ሊንስ

አቶ ኦታቪዮ ሊንስ ከአባታቸው ከአቶ ማኑዌል ሊንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳልቫ በ1946 ዓ.ም. በብራዚል አገር፣ በሬሲፌ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ሙዚቃ ተምረው የዜማ ደራሲ ሆኑ። በ1990 ዓ.ም. ሙዚቃ ሊያስተምሩ አዲስ አበባ መጡ፤ እህቴን አስቴርን አዩ፤ በዚያው ቀሩ። ኃይለ ገብርኤል ተብለው ተጠምቀው በ1993 ዓ.ም. በቁርባን ተጋቡ፤ እድላዊትንም ወለዱ። አቃቂ ቤት ይዘው እንደ ማንኛችንም እድርተኛ ሆኑ። ይህን ሁሉ ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ የማትወዱትን አነባለሁ። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ቀናው፣ ሰዓትዎን አይመልከቱ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲገፋ የውጭ አገር ሰው ሻንጣውን ሸክፎ ወጣ። እሳቸው ግን “ሚስቴ ታማ የት አባቴ እሄዳለሁ?” አሉ። በየቤቱ መርዶ ይገባ ነበርና ለሟቾቹ ሁሉ የሚሆን አንድ ሙዚቃ ሊደርሱ ተነሱ። መነሻ ያደረጉትም የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ፣ የጋሽ ቀጀላን ድምፅ ነው። ጋሽ ቀጀላ ማለዳ እየዞሩ ሲለፍፉ አቶ ኦታቪዮ መቅረጫቸውን ይዘው ከኋላ ይከተሉ፣ የሟቹንም ስም ይጠይቁ ነበር። ለማን እንደሚያለቅሱ ሳያውቁ ዜማ አይወጣላቸውም።

እናንተስ ምን አላችሁ? “ፈረንጁ ሬሳችንን ቆጥሮ ለጠላት ያቀብላል።” እሰይ! ሃያ ዓመት ለቅሷችሁ ላይ የተቀመጡ ሰው ባንድ ጊዜ ሰላይ ሆኑ። አቶ ቀናው ጠቆሙ፤ ሌሎቻችሁም “እኛም አይተናል” ብላችሁ መሰከራችሁ፤ ታሰሩ። ታስረው ሳሉ አስቴር አረፈች። እድሩ ስማቸውን ሰርዞ ነበርና ጥሩምባ አልተነፋላትም፤ ድንኳንም አልተተከለላትም። ከእናንተ መካከል እድሩን ጥሰው የመጡት ጋሽ ቀጀላ ብቻ ናቸው፤ ጥሩምባቸውን ስለነጠቃችኋቸው ባዶ እጃቸውን ቆመው አለቀሱ። ዕድሜ ይስጣቸው።

ምንም አልተገኘባቸውምና በመጋቢት ተፈቱ። የቀረጹት ሁሉ ጠፍቶ ስለነበር በጆሯቸው የቀረውን ይዘው ሙዚቃውን ጨረሱ። እድሩም ድምፁን አጥፍቶ ስማቸውን መለሰ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን የለም! እሳቸው ቂም አያውቁም፤ ለቅሷችሁን አንድ ቀን አላስታጎሉም። “ሥርጉት፣ አንዱ መጥቶ ‘ተሳስተናል’ ይለኛል” ይሉኝ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። ማን መጣ? ማንም።

የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው እድላዊትና እኔ ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአስቴር ጋር በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን።

እዚህ ላይ የቤተሰቡ ምስጋና ይነበባል። እኔ አልጻፍኩትም። አስከሬኑን ሊያነሱ የእድሩ ሰዎች ቆመዋል፤ አቶ ቀናውም ከፊት ናቸው። ኦታቪዮ በሕይወት ሳሉ የጠበቁትን ቃል አቶ ቀናው አሁን በሕዝብ ፊት ይናገሩና ያንሱ። ካልሆነ ሳጥኑን አይንኩ፤ እኔና እድላዊት እናወጣቸዋለን።